ያገለገለ ኪያ ኬ900 ልትገዙ ከሆነ

ኬ900 ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው። ኪያ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ መኪና የሚታወቅ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2014 ይሄን ትልቅ የቅንጦት መኪና ይዞ ብቅ አለ፤ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 420 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋው 60 ሺህ ዶላር ገደማ። አሜሪካ በሙሉ የሚያየው የፉትቦል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል ላይ ሳይቀር በፊልም ተዋናዩ ሎረንስ ፊሽበርን አስተዋወቁት። ገዢ ግን ጠፋ። ያን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው ከፊት የተለጠፈውን አርማ ያያላ! ለ2019 እንደ አዲስ ሠርተው ሞከሩ፣ እሱም አልሸጥ አለ፣ በ2021 ከአሜሪካ ገበያ አወጡት።

ዋጋው ሲወርድ የተጎዳው አዲሱን የገዛው ነው። ሁለተኛ ገዢ በግማሽም ባነሰ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል። ግን ቸኩላችሁ እንዳትገቡበት።

ከሁሉ በፊት ዋራንቲውን አጣሩ። 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል የሚባለው የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ዲለሩ በኪያ ሰርተፍኬት፣ ማለት ተፈትሾ በኪያ ስም የተረጋገጠ ያገለገለ መኪና አድርጎ፣ ካልሸጠላችሁ በቀር ለእናንተ ወደ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይወርዳል፤ የሚቆጠረውም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። ሻጩ «ዋራንቲ አለው» ካላችሁ በጽሑፍ ያሳያችሁ።

በረዶ የሚበዛበት ከተማ ከሆናችሁ፣ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ በሉት፣ ከ2019 በፊት ያለውን ተዉት። የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ከ2019 ወዲህ ያለው በአራቱም ይነዳል።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ባለፈው ጓደኛዬን ሸኝቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን፤ ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ትኩስ ነው። ሰውዬው ቀድሞ አሙቆታል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ መስማት ስለምፈልግ በማግስቱ ጠዋት ተመለስን። እናንተም አትፈሩ፣ ነገ እመጣለሁ በሉት።

ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዚህ መኪና ውበቱ እዚያ ነው፤ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፣ የበሩ ዝምታ። ግን ምቾቱ አያዘናጋችሁ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፣ የወንበሩን ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም። አንድ የማይሠራ ካለ ከዋጋው ይቀነስ።

የሻሲ ቁጥሩን ወስዳችሁ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለት ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ ካለ ይነግራችኋል፤ ማየቱ በነፃ ነው። ሻጩ የማያውቀው ሜካኒክ ዘንድ ወስዳችሁም ወደ ላይ አስነሥታችሁ አስዩት።

ለኡበር ብላክ (የኡበር የቅንጦት መኪና አገልግሎት) ወይም ለሊሞ ሥራ ካሰባችሁት፣ ሞዴሉንና ዓመቱን የሚቀበሉ መሆኑን ገንዘብ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ደግሞ የተሸጠው ጥቂት ስለሆነ መለዋወጫው እንደ ቶዮታ ካምሪ ዕቃ በየሱቁ አይገኝም። ከመፈረማችሁ በፊት ዕቃ መሸጫ ደውሉና የአንድ የፊት መብራት ዋጋና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ካልደነገጣችሁ፣ ተደራደሩ።