«ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን?»፦ የርጭት ስሌት ሲሳሳት የሚታዩ ምልክቶችና መፍትሄዎቻቸው

በስንዴ አረም ወቅት የግብርና መድኃኒት መሸጫ ደጃፍ ላይ ጥቂት ቢቆሙ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይሰማሉ፦ «ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን ልጨምር?» ሻጩም ሳያመነታ ይመልሳል። ጠያቂው በአንድ መርጫ ምን ያህል መሬት እንደሚያዳርስ ግን የሚጠይቅ የለም። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚሁ ነው።

ምልክት፦ አረሙ ጠውልጎ ነበር፤ ሰንብቶ ግን መልሶ ቀና አለ።

ምክንያት፦ መጀመሪያ የሚታማው መድኃኒቱ ነው። አስቀድሞ መመርመር ያለበት ግን የረጪው እግር ነው። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ያለው መለያ በሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ200 ሊትር ውሃ ካለ፣ 16 ሊትር ለሚይዝ መርጫ 80 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ይህ የሚያዋጣው ሰውየው በእርግጥ በሄክታር 200 ሊትር ሲረጭ ነው። ፈጥኖ እየተራመደ ሄክታሩን በ120 ሊትር ከጨረሰው መሬቱ ያገኘው 600 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ መድኃኒቱን ሳይነኩ በንጹህ ውሃ ይለኩ። ከማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር በካስማና በገመድ ይከልሉ። መርጫውን እስከ አንድ ምልክት ይሙሉና በተለመደው እርምጃዎ፣ በተለመደው የእጅ ምትዎ ይርጩ። ከዚያ እስከዚያው ምልክት ለመመለስ ስንት ውሃ እንደጨመሩ ይስፈሩ። 2 ሊትር ከሆነ በ100 ማባዛት ነው፤ በሄክታር 200 ሊትር። አንድ መርጫ 800 ካሬ ሜትር ያዳርሳል ማለት ነው። 1.2 ሊትር ከወጣ እርምጃዎን ያዘግዩና እንደገና ይለኩ። መድኃኒቱን ማወፈርም ሒሳቡን ያስተካክለዋል፤ ውሃ ሲያንስ ግን ቅጠሉ በደንብ አይሸፈንምና እኔ ማዝገሙን እመርጣለሁ። የሚረጨው ልጅዎ ወይም የቀን ሠራተኛ ከሆነ የሚለካው የእሱ እርምጃ ነው።

ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት ረጭተው ሲናርና ሙጃ ካልሞቱ ግን ስሌቱን አይውቀሱ። መድኃኒቱ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እንጂ የሣር ዘሮችን አይገድልም።

ምልክት፦ ሰብሉ በመስመር በመስመር ነደደ ወይም ቢጫ ሆነ።

ምክንያት፦ በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ማለፍ፣ «ለምርቃት» የተጨመረ ክዳን፣ ወይም ቀዳዳው በእርጅና የሰፋ የመርጫ አፍንጫ። አፍንጫው በ100 ካሬ ሜትር 3 ሊትር የሚያፈስ ከሆነ፣ በየመርጫው 80 ሚሊ ሊትር ማድረግ በሄክታር አንድ ሊትር ተኩል ማፍሰስ ነው።

መፍትሄ፦ አሮጌውና አዲሱ አፍንጫ በአንድ ደቂቃ የሚያፈሱትን በየተራ በጣሳ ተቀብለው ያነጻጽሩ። አሮጌው ከአዲሱ በ10 በመቶ ከበለጠ ይጣል። ክዳንም መለኪያ አይደለም፤ የአንዱ ጠርሙስ ከሌላው ይለያያል። መስመር ያለው የፕላስቲክ መስፈሪያ ይግዙ፤ ወደ ጓዳም አይመልሱት።

ምልክት፦ መለያው ስለ ሄክታር ምንም አይልም።

ለቲማቲምና ለሌሎች አትክልቶች «በ100 ሊትር ውሃ 250 ግራም» የሚል ዓይነት መመሪያ ያጋጥማል። ይህ ሌላ ሒሳብ ነው፦ 250 ሲባዛ በ16፣ ሲካፈል ለ100፤ ለአንድ መርጫ 40 ግራም። ዱቄቱን በቀጥታ መርጫው ውስጥ አይነስንሱት፤ በባልዲ በጥቂት ውሃ በጥብጠው፣ ግማሽ ውሃ በያዘ መርጫ ላይ ጨምረው ይሙሉ። አፍንጫው ከተደፈነ በውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይገባም።

ምልክት፦ ማሳው አልቆ መድኃኒቱ ተረፈ።

ጥማድ በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ተብሎ ይቆጠራል፤ በገመድ ሲለካ ግን የሚያንስም የሚበልጥም አለ። በእርግጥ 2,500 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ከላይ ባለው ልክ (በሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ) 50 ሊትር ውሃና 250 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይበቃዋል፦ ሦስት ሙሉ መርጫ በ80 በ80፣ በመጨረሻም 2 ሊትር ውሃ በ10 ሚሊ ሊትር። አራተኛውን መርጫ ሞልቶ መበጥበጥ ነው ትርፉን የሚያመጣው። የመርጫውን እጣቢ ከወንዝና ከምንጭ አርቀው፣ ርጭቱ ሳስቶ ባለፈበት የማሳው ክፍል ላይ ይርጩት።