ጥቅስን በመዝሙር ለልጆች እንዴት እናስተምር?

ጥቅስ በቃላችሁ ያዙ ሲባሉ የሚቁነጠነጡ ልጆች፣ ያንኑ ጥቅስ በዜማ ስትሰጧቸው ሲጫወቱም ያንጎራጉሩታል። ሙሴም መዝሙር ጽፎ ለእስራኤል ልጆች እንዲያስተምር ታዟል፤ ዘዳግም 31፥19 ላይ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ አጭር ጥቅስ ምረጡ። ትርጉሙን በልጅ አማርኛ አስረዱ። ስለ እረኛ የምትዘምሩ ከሆነ፣ እረኛ ምን እንደሚሠራ ይወቁ።

ከባዱ ዜማው ነው። ብዙዎቻችን የምንወደውን ዜማ አንስተን ጥቅሱን በግድ እንከትበታለን። እኔም መዝሙር 23፥1ን እንዲህ አስተማርኩ። ዜማው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፣ የሚያሳጣኝም» ላይ ያርፋል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ከዚያ «የለም» ይላሉ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «የለም»ን ትታ እየዘመረች ከክፍል ወጣች። ቃሉ ተገለበጠ፤ እረኛው የሚያሳጣ ሆነ! በጣም ደነገጥኩ። በሳምንቱ ላርማቸው ብሞክር የለመዱት ዜማ መልሶ ይጎትታቸዋል። ዜማውን ከነጭራሹ መቀየር ነበረብኝ።

ስለዚህ ጥቅሱን ያለ ዜማ፣ ጮክ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ የወሰዳችሁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ዜማውም እዚያው ይረፍ። የሚጠብቅና የሚላላውንም ልብ በሉ። «ይሰማል» ላይ «ሰ»ን ካጠበቃችሁት ሰሚው ተሰሚ ይሆናል። አልገጥም ካለ ዜማው ይስተካከል እንጂ ቃሉ አይነካ።

ስታስተምሩ በራሳችሁ ድምፅ ዘምሩ። በስፒከር የተከፈተ መዝሙር አልወድም፤ ልጆቹ ያዳምጣሉ እንጂ አይዘምሩም። ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትስጉ። ብቻ ቀጠን አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የአዋቂ ወፍራም ድምፅ ለልጅ አይመችም።

እናንተ አውጡ፣ እነሱ ይቀበሉ። ለዚህ መዝሙር 136ን የሚያህል የለም (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 135 ነው)። በ26ቱም ቁጥሮች «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይመላለሳል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ይቀበላል። የእጅ እንቅስቃሴ አንድ ሁለት ይበቃል፤ ሲበዛ እጃቸውን ሲያስቡ ቃሉን ይጥሉታል።

ምዕራፍና ቁጥሩንም ዜማው ውስጥ አስገቡት። መጨረሻ ላይ ያለ ዜማ እንዲሉት ጠይቋቸው። ዜማው ሲቀር ቃሉም ከጠፋባቸው ገና አልያዙትም፤ በሳምንቱ ያንኑ ዘምሩ።