ጄኪል ደሴት ላይ የታመሙ የባሕር ኤሊዎችን ለመጠየቅ

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ጄኪል ደሴት ላይ ያለው የጆርጂያ የባሕር ኤሊዎች ማዕከል መካነ እንስሳት ሳይሆን ሆስፒታል ነው። በ1903 (እ.ኤ.አ.) በተሠራ የኃይል ማመንጫ ቤት ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። ትርኢት ፈልጎ የሄደ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። በሽተኛ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው ረጋ ብሎ የገባ ግን ሁለት ሰዓት አይበቃውም።

ከአትላንታ የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በአውራ ጎዳና 75 እስከ ሜከን፣ ከዚያ በአውራ ጎዳና 16 ወደ ሳቫና፣ ቀጥሎ በአውራ ጎዳና 95 ወደ ደቡብ ወርዳችሁ በ29ኛው መውጫ ትወጣላችሁ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አትሞክሩት፤ ልጆች ደክመው ይደርሱና ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ። ዋዜማውን ከደሴቱ ማዶ ብራንስዊክ ከተማ ማደር ይሻላል። ደሴቱ መግቢያ ላይ ለመኪና ትከፍላላችሁ፤ የማዕከሉ ትኬት ለብቻው ነው። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ነገ በስንት ሰዓት ሕክምና አለ? የጉብኝቱ ልብ ይኸው ነው። ትኬት እንደቆረጣችሁ ዐውደ ርእዩን ለኋላ ተዉትና በቀጥታ ወደ ሕክምና ክፍሉ መስታወት ሂዱ፤ ዐውደ ርእዩ የትም አይሄድም። ሐኪሞቹ ኤሊ ሲመዝኑ፣ ራጅ ሲያነሡ፣ ከአንገቷ ጀርባ ደም ሲቀዱ ልታዩ ትችላላችሁ። ቁስል ላይ ማር ሲያደርጉ ብታዩ አይግረማችሁ፤ ማር ባክቴሪያን ስለሚያግድ ለኤሊ ቁስልም ይውላል። መስታወቱን አታንኳኩ።

ቀጥሎ ያለው የማገገሚያ ገንዳዎቹ ክፍል ነው። መጀመሪያ በየገንዳው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የበሽተኛዋ ስም፣ ዝርያዋና ያመጣት ምክንያት እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ኋላዋ ወደ ላይ ተነሥቶ የምትንሳፈፍና መጥለቅ ያቃታት ካለች አብዛኛውን ጊዜ ጀልባ የመታት ናት። ቅርፊቷ ሲሰነጠቅ አየር ገብቶ ውስጧ ታስሮ ይቀራል፤ መጥለቅ ካልቻለች ምግቧ ጋ አትደርስም፣ ከሚመጣባት ጀልባም አታመልጥም። ሐኪሞች እንዲህ ላለችው ቅርፊቷ ላይ ክብደት ይለጥፉላታል። በጣም ከስታ የመጣችው ደግሞ ባርናክል በሚባሉ እንደ ጠጠር በሚጣበቁ ፍጥረታት ተሸፍና ትገኛለች። ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ስትቆይ ባርናክሎቹ ሞተው ይረግፋሉ።

በክረምት ወራት (ከኅዳር በኋላ) ከሄዳችሁ ኬምፕስ ሪድሊ የሚባሉትን ትንንሾቹን ልታገኙ ትችላላችሁ። ማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ላይ ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሰውነታቸው ደንዝዞ ይንሳፈፋሉ፤ በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች በትንንሽ አውሮፕላን ወደ ደቡብ ያመጧቸዋል። የሚሞቁት በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ማሞቅ ይገድላቸዋል።

እጃችሁን ገንዳ ውስጥ አትክተቱ። የእጃችሁ ቅባት ውኃውን ያበላሻል፤ ሎገርሄድ የምትባለው ደግሞ ቀንድ አውጣ ከነዛጎሉ የምትሰብር መንጋጋ አላት። ፍላሽ ይጥፋ። ሳንቲም፣ የልጅ ጡጦ፣ የጸጉር ማስያዣ ገንዳ ውስጥ ከወደቀ አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ኤሊዋ ከመዋጧ በፊት እንዲያወጡት ወዲያው ለሠራተኛ ንገሩ።

በሰኔና በሐምሌ ማዕከሉ እንቁላል ልትጥል የምትወጣ ኤሊ ለማየት የሌሊት የባሕር ዳር ጉዞ ያዘጋጃል፤ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድማችሁ ያዙ። ጥቁር ነገር ልበሱ፣ የስልካችሁን መብራት አጥፉ። ነጭ ብርሃን ያየች ኤሊ ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች፤ ጫጩቶችም ባሕሩን ትተው ወደ መብራቱ ይሄዳሉ። ቀን ላይ ልጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ ሳትደፍኑ አትሂዱ፤ እናቲቱም ጫጩቶቹም ገብተው መውጣት ያቅታቸዋል።

በቀን አሸዋ ላይ የተኛች ትልቅ ኤሊ ብታገኙ ወደ ባሕር አትግፏት። ብዙ ጊዜ የወጣችው መዋኘት አቅቷት ስለሆነ መልሶ መግፋት ማስመጥ ነው። ሰውና ውሻ አርቁ፣ ጥላ ያዙላት፣ ያለችበትን ቦታ በትክክል ልብ ብላችሁ በጆርጂያ ነጻ መስመር 1-800-272-8363 ደውሉ። መንጠቆ የዋጠች ከሆነችም ክሩን አትጎትቱ። ክሩ ወደ አንጀት ገብቶ ከሆነ በጎተታችሁት ቁጥር አንጀቷ ይሸበሸብና እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። እስኪደርሱላችሁ ክሩ እንደተንጠለጠለ ይቆይ።