ብራንዲ ከወይን ጠጅ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው የብራንዲ ጣዕም ከበርሜል የሚመጣ ይመስለዋል። በርሜል ግን መጀመሪያውኑ በደንብ የወጣውን ነው የሚያሳምረው። ሥራው ያለው ማንጠሪያው ጋ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በአብዛኛው አገር ያለ ፈቃድ አልኮል ማንጠር ክልክል ነው። የአልኮል እንፋሎት ደግሞ ነበልባል ካገኘ ይፈነዳል። ክፍሉ አየር የሚያገባ መሆን አለበት።

ወይኑ። ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነጭ ወይን ጠጅ ይመረጣል፤ አልኮሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮኛክ የሚባለው የፈረንሳይ ብራንዲ በብዛት የሚሠራው ዩኒ ብላን ከሚባለው ወይን ነው፤ እሱም እንዲሁ ኮምጣጣ ነው። ማቆያ ሰልፈር የተጨመረበትን ተዉት፤ ሽታው አብሮ ይነጠራል።

ዕቃው። መዳብ ይሁን። ስቴንለስ ለማጠብ ይቀላል፣ ግን መዳብ የሚይዘውን የሰልፈር ሽታ አይዝም። በእርሳስ የተበየደ ዕቃ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ መርዙ መጠጡ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ማንጠር። ወይኑን በቀስታ አሙቁ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ጥምዝ ቱቦ ሲያልፍ ፈሳሽ ይሆናል። የሚወጣው ደፍረስ ያለ፣ አልኮሉ 30 በመቶ ገደማ የሆነ ነገር ነው። እሱን ሰብስባችሁ እንደገና ትነጥራላችሁ።

ሁለተኛው ማንጠርና መቁረጥ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፈሳሹ በሦስት ተከፍሎ ይመጣል፦ ራስ፣ ልብ፣ ጭራ። ብራንዲ የሚሆነው ልቡ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚወርደው ራስ የተባለው ክፍል ነው፤ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አፍንጫ ይወጋል። በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጉና እሹት፤ ከዚያ አሽትቱ። ያ የሚወጋው ነገር ጠፍቶ የፍራፍሬ ሽታ ሲመጣ ዕቃ ቀይሩ። ልቡ ጀመረ ማለት ነው። ሲጀምር 70 በመቶ ገደማ ነው፤ እየቆየ ይወርዳል። ወደ 60 በመቶ ሲጠጋ አፍንጫችሁን አትርቁ። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ብቅ ካለ ጭራው መጥቷል፤ ወዲያው ቁረጡ፣ ማለትም ልቡን መሰብሰብ አቁሙ። ትንሽ ልጨምር ብሎ የቆየ ሰው ሙሉውን ያበላሻል። እሳቱን ያበዛም እንዲሁ፤ ሦስቱ ይደባለቁበታል።

በክብሪት ለኩሶ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው የሚባለውን አትመኑ። ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል በዚህ መለየት አይቻልም። ራስ የተባለውን ክፍል መድፋትም ሜታኖልን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም፤ ለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ማስረጀት። ልቡ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ኦክ ከሚባለው እንጨት የተሠራው በርሜል ነው። ለኮኛክ ትንሹ ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ዕድሜውን በሚያሳዩት ምልክቶች ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ለመባል ቢያንስ 4፣ ኤክስ.ኦ. ለመባል ቢያንስ 10 ዓመት ይቆያል። ጠርሙስ ውስጥ የኦክ ስንጥር ከትቶ ቶሎ ማድረስን አልወደውም። ቀለም ይሰጣል፣ ነገር ግን በእንጨቱ በኩል ቀስ እያለ የሚገባው አየር የሚያመጣውን ልስላሴ አይሰጥም።

በመጨረሻ በተጣራ ውሃ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ውሃውን በአንዴ አትገልብጡ። ጥቂት ጨምራችሁ ለሳምንታት አሳርፉት፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ጨምሩ።