ጨሌ ስትሰሩ የሚያናድዱ ነገሮች፣ ከየት እንደሚመጡና ምን እንደሚደረግ

ጨሌ መስራት ከጀመርኩ ወዲህ ያበላሸሁት ከሰራሁት ይበልጣል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር "በቃ እኔ ለእጅ ስራ አልተፈጠርኩም" እል ነበር፣ በኋላ ሳጣራው ግን አብዛኛው ጥፋት ከክሩ ወይ ከመርፌው ወይ ከራሱ ከጨሌው ነው የሚመጣው፣ እጄ የተወነጀለው በነፃ ነው። ስለዚ እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት የእናንተ ችግር የትኛው እንደሆነ እዚ ፈልጉት።

ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ሲል

ሁላችንም ክሩን በምራቅ እያራስን እንገፋለን፣ እሱ ደግሞ ይጣመማል። ጫፉን በስለታም መቀስ እንደ አዲስ ቁረጡት፣ በጥፍር ወይ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ከዛ በሁለት ጣታችሁ መሀል ያዙትና ጫፉ ለትንሽ ብቻ ብቅ ሲል መርፌውን ወደ ክሩ አምጡት። ክሩን ወደ መርፌው አይደለም! እንቢ ካለ መርፌውን ገልብጡት፣ አንዳንዴ ቀዳዳው በአንድ ጎኑ ይሻላል።

መርፌው ጨሌው ውስጥ አላልፍ ሲል

እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። የጨሌ ሳይዝ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጨሌው ያንሳል፣ 6 ቁጥር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 8 ወደ 3፣ 11 ወደ 2፣ 15 ደግሞ 1.5 ገደማ። መርፌም እንደዛው ነው፣ 10 ቁጥር ከ12 ይወፍራል። ለ11 ቁጥር ጨሌ 10 ወይ 12 መርፌ ይሆናል፣ ለ15 ግን 12 ወይ 13 ካልያዛችሁ አትድከሙ። ለመለማመድ ከሆነ 8 ቁጥር ግዙ፣ ቀዳዳው ይታያል፣ ዓይንም አያደክምም።

መርፌው መጀመሪያ ላይ ሲያልፍ ቆይቶ በሶስተኛው ወይ በአራተኛው ዙር ከተቀረቀረ ግን ቀዳዳው በክር ሞልቷል ማለት ነው። በፒንሳ ይዛችሁ እንዳትጎትቱ፣ ጨሌው ይሰነጠቅና ስባሪው ክሩን ይቆርጠዋል። ቀጠን ያለ መርፌ ቀይሩ ወይ በጎን ባለው ጨሌ ዙሩ።

ስራው ሲወዛወዝ፣ ጠርዙ ቀጥ አልል ሲል

ጨሌዎቹን ዘርጋ አድርጋችሁ እዩዋቸው። የቼክ ሪፐብሊክ ጨሌ ክብ ብሎ ጎኑ ያበጠ ነው፣ ባንድ ከረጢት ውስጥ ወፍራምም ቀጭንም ይገኛል። የጃፓኖቹ፣ እነ ሚዩኪና ቶሆ፣ መጠናቸው እኩል ነው፣ ቀዳዳቸውም ሰፋ ይላል። ዴሊካ የሚባለው ደግሞ ቁርጥ ያለ ቱቦ ስለሆነ እርስ በርሱ እንደ ጡብ ይገጥማል፣ ለፔዮት ስራ (ጨሌው አንድ እየዘለለ እንደ ጡብ የሚያያዝበት አሰራር ነው) እኔ ከሱ የሚሻል አላየሁም። ግን ተጠንቀቁ፣ 11 ቁጥር ዴሊካና 11 ቁጥር ክቡ ጨሌ ቁጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ መጠናቸው አንድ አይደለም፣ ዴሊካው ይቀጥናል፣ አንድ ጠፍጣፋ ስራ ላይ ካቀላቀላችኋቸው መወዛወዙ አይቀርም። የቼክ ጨሌ ካላችሁም ችግር የለም፣ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ልቀሙት፣ ጎባጣውንና ቀጭኑን ለብቻ አኑሩ።

የፔዮት የመጀመሪያ ረድፎች የሚያስጠሉት ግን የሁሉም ሰው ነው፣ አትደንግጡ። መጀመሪያ የምትደረድሩት ጨሌ አንድ ረድፍ ይመስላል እንጂ ረድፍ 1 እና 2 ነው፣ ሶስተኛውን ስትሰሩ ነው እየዘለለ ቦታ ቦታውን የሚይዘው፣ እስከዛ እንደ ትል ይጠማዘዛል። በተጣማጅ ቁጥር ጀምሩ፣ በጎዶሎ ቁጥር ከሆነ በአንዱ ጠርዝ በኩል መዞሪያው ለብቻው ጣጣ አለው።

ክሩ በጨሌዎቹ መሀል ሲታይ

ስራው ላልቷል። ናይለን ክር ከሆነ ይሳባል፣ ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት እጅ ይዛችሁ ደጋግማችሁ ሳቡት፣ ካልሆነ ስትጨርሱ ራሱ ይሳብና ይላላል። ሰም ቀባ ማድረግም ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ቀለም ያለው አንድ ጨሌ አስገቡና ሁለቴ አሳልፉበት፣ ሌሎቹ እንዳይንሸራተቱ ይይዛል፣ በኋላ ታወጡታላችሁ። በተቃራኒው ስራው ከተጠቀለለና እንደ እንጨት ከደረቀ በጣም አጥብቃችኋል።

ክሩ ሲወሳሰብ

ብዙ ጊዜ ስለረዘመ ነው። ሁለት እጃችሁን ስትዘረጉ የሚደርሰውን ያህል ይበቃል። በየጊዜው መርፌውን ልቀቁትና ይንጠልጠል፣ ጥምዝምዙን ራሱ ይፈታል። ቋጠሮ ከመጣ አትሳቡት፣ መርፌ አስገብታችሁ ሰፋ ሰፋ አድርጉት።

ሲበጠስ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በጣም የወደድኩት አምባር ነበረኝ፣ ቢውግል የሚባሉት ረዘም ያሉ ቱቦ መሳይ ጨሌዎች ያሉበት። በአራተኛው ቀን እጄ ላይ እያለ ቷ አለና ጨሌው ወለሉ ላይ ተበተነ። ተናድጄ ክሩን ልጥለው ስል ጫፉን አየሁት፣ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ጥርት ያለ። ከዛ አንዱን ቢውግል አንስቼ አፉን በጥፍሬ ሳልፍበት ጥፍሬን ፋቀው። መስታወት እኮ ነው፣ ተቆርጦ የተሰራ፣ ጠርዙ ስለት አለው።

ከዛ ወዲህ የሆነ ነገር ሲበጠስ መጀመሪያ የማየው የክሩን ጫፍ ነው። ጥርት ብሎ ከተቆረጠ የጨሌ ጠርዝ ነው፣ በቢውግሉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ጨሌ አስገቡ፣ ክሩ ከስለቱ ይርቃል። እንደ ፀጉር ተበትኖ ከሆነ መርፌው ራሱን ክሩን እየወጋ አልፏል ወይ ክሩ በመፋተግ አልቋል። የተበጠሰው መቆለፊያው ጋ ከሆነ ብረቱ ነው የበላው፣ እዛ ቦታ ላይ አራት አምስቴ አሳልፉ። ክሩ ደህና ሆኖ ጫፉ ጥቅልል ካለ ደግሞ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ነው የተፈታ። ፋየርላይን የሚባለው ክር በተለይ ያዳልጣል፣ አንድ ቋጠሮ አድርጎ መቁረጥ አይሆንም፣ ክሩን በስራው ውስጥ እየተመላለሳችሁ ወደኋላ መልሱት፣ መሀል መሀል ላይ ሁለት ሶስቴ ቋጥሩ፣ ከዛ ቁረጡ።

መስታወት የሚመስለውን ጥርት ያለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ግን ተዉት፣ ስለማይታይ ያጓጓል እንጂ ሲቆይ ደርቆ ይሰበራል።

ቀለሙ ሲለቅ

ብረት የሚመስሉት አብረቅራቂዎቹና በማቅለሚያ የተነከሩት፣ በተለይ ሮዝና ወይን ጠጅ፣ ላብና ሽቶ ሲነካቸው ይለቃሉ። የተለበሰ ነገር መመለሻ የለውም፣ ስለዚ ቀድማችሁ ሞክሩ፣ ጥቂት ፍሬ በአልኮል በራሰ ነጭ ጨርቅ እሹ፣ ሌላውን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ግማሹን ሸፍናችሁ አስቀምጡና አወዳድሩ። አብረቅራቂ የግድ ካላችሁ ከሚዩኪ ዱራኮት፣ ከቶሆ ፐርማፊኒሽ የሚል ፈልጉ፣ የተሻለ ይቆያሉ።

ከሃያ ረድፍ በኋላ አንድ ትርፍ ጨሌ ስታገኙ

አትፍቱት! መርፌ ጨሌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩ አጠገብ አስገቡ፣ ጨሌውን በፒንሳ ጫፍ ያዙ፣ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ ወይ መነፅር አድርጉ፣ ከዛ ጨመቅ። መርፌው ስባሪው ክሩን እንዳይቆርጥ ይከላከላል። የመጀመሪያ ቀን ልቤ ቆሞ ነበር፣ አሁን ሳላስበው ነው የማደርገው።

አምባሩ ሲጠብ

የእጃችሁን ልክ ብቻ ነው የለካችሁት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ መቆለፊያውም ከርዝመቱ እንደሚቆጠር አትርሱ። የመቆለፊያዋን ትንሽ የብረት ቀለበት ስትከፍቱም ጫፎቿን አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ጎን ከበረገዳችኋት ተመልሳ አትገጥምም።

ጨሌ ሲደፋ

ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ መስራት ተዉ፣ ፀጉራም ጨርቅ አንጥፉ። ከተደፋ ደግሞ የቫክዩም ቱቦ አፍ ላይ ስቶኪንግ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩና ሳቡበት፣ ጨሌው ስቶኪንጉ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፣ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ማሽኑን ስታጠፉት ዝርግፍ ይላል። አቧራውንና ፀጉሩን ግን መልቀም የናንተ ስራ ነው።