የጭልጋውን አውሬ ባህር ዳር ላይ ለማቆም ስትነሱ የሚያሳስቱ ነገሮች

ከጣና ሰሜን ምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት አርሲኖይቴሪየም የሚባል ግዙፍ እንስሳ ይኖር ነበር። አፍንጫው ላይ ሁለት ትልልቅ ቀንዶች ጎን ለጎን ነበሩት። የአፅሙን ቅጂ ሠርቶ ለሙዚየም ማቆም ካማረኝ ቆየ። እናንተም ካማራችሁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያው አውራሪስ ነው ብሎ መነሳት ነው። መልኩ ያሳስታል እንጂ ለዝሆን ነው የሚቀርበው። የአውራሪስ ቀንድ እንደ ጥፍር ያለ ነገር ነው። የዚህኛው ግን አጥንት ነው፣ ውስጡም ባዶ። ስለዚህ ቀንዱን ሞልታችሁ አትሥሩት፤ ስስ ፋይበር ግላስ ይበቃዋል። አለዚያ ጭንቅላቱ አንገቱን ይዞ ይወርዳል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ያልተገኘውን አጥንት የተገኘ ማስመሰል ነው። ጭልጋ ላይ ሙሉ አፅም አልተገኘም። መልኩን በደንብ የምናውቀው ግብፅ ውስጥ ፋዩም ላይ ከተገኙት ዘመዶቹ ነው። የጭልጋው ደግሞ ከእነሱ ይገዝፋል። «የግብፁን በትንሹ እናሳድገው» ማለት ይቀላል። ግን እንስሳ ሲከብድ እግሩ ከቁመቱ ይልቅ በውፍረት ይጨምራል፤ ሁሉንም እኩል ካሳደጋችሁት እግሩ ይቀጥናል። የገመታችሁትን ክፍል ቀለሙን ትንሽ ለየት አድርጉት። ድንቅነሽም በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ የተሟላው የአፅሟ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ መገመት አያሳፍርም።

ከዚያ ጀሶ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ የባህር ዳር ክረምት ግን አይምረውም። አንድ የእግር አጥንት በጀሶ ሠርቼ ሐምሌ ላይ ከሐይቁ ዳር ባለ መጋዘን አስቀመጥኩ። መስከረም ላይ ስከፍተው ሻግቷል፣ በውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ ቡናማ እድፍ አውጥቷል። ሬዚን ይሻላል። ብረቱንም ፀረ ዝገት ቀቡት።

በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት አጥንቶቹን መሬት ላይ ደርድሩ። የግራና የቀኝ ጎድን መቀያየር ቀላል ነው። ኮፕ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንኳ ኢላስሞሳውረስ የተባለውን የጥንት አንገተ ረጅም የባህር እንስሳ ጭንቅላት ጅራቱ ጫፍ ላይ ሰክቶት ነበር።

በሩንም ለኩ። ክፍሎቹን በቡሎን እሰሯቸው፣ ሁሉን ነገር አትበይዱ። እኛ አንዴ ሙሉ በሙሉ በይደን ጨረስን። አፅሙ በወርክሾፑ በር አልወጣ አለ። ወገቡን በግራይንደር ቆረጥነው።