የክፍያ ገጹን መዘግየት እንዴት እንደፈታሁት
በኦንላይን መደብራችን ደንበኞች ዕቃ መርጠው ክፍያ ላይ ሲደርሱ ትተው ይወጡ ነበር። መጀመሪያ ምስሎቹን አሳንሼ የገጹ ዋና ይዘት ጉግል ጥሩ በሚለው የ2.5 ሰከንድ ገደብ ውስጥ እንዲታይ አደረግሁ፤ ሽያጩ ግን አልተሻሻለም።

የሰርቨሩን መዝገብ ሳነብ እውነተኛው ምክንያት ተገለጠ፦ የትዕዛዞች ሠንጠረዥ በደንበኛ መለያ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገውን ቶሎ የሚጠቁም ዝርዝር) ስላልተደረገለት፣ ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ ክፍያ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሽ ነበር፤ ገዢ ሲበዛም ጥያቄዎቹ ተደራርበው ገጹ የ504 ስህተት (ምላሹ በጊዜው አልደረሰም የሚል መልእክት) ያሳይ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ምላሽ ያጣ ደንበኛ ቁልፉን ደግሞ ሲጫን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ያለአግባብ የተወሰደበት ሰው ተመልሶ ለመግዛት ስለሚፈራ፣ ይህ በእኔ እምነት ከመዘግየቱም የከፋ ነው።

ኢንዴክሱን ጨመርሁ፤ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝም ልዩ መለያ ሰጥቼ፣ ያው መለያ ዳግመኛ ሲመጣ ሰርቨሩ የቀድሞውን ውጤት ብቻ እንዲመልስ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ስህተቱም ድርብ ክፍያውም አልታየም።